ኮከቡን ገምቱ፣ ገንዘቡን ግን ተዉት

ግንቦት ሲጋመስ እኛ ጋምቤላ ሁለት ነገር እንጠብቃለን። አንዱ ሙቀቱን አብርዶ ባሮን የሚሞላው ዝናብ ነው። ሌላው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማብቂያ ነው። ድሮ ዝናቡ የእኔና የባለቤቴ፣ ሊጉ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱም የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆነዋል።

ሊጉ ሲያልቅ ዋንጫው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ክርክሩ ግን አያልቅም። ክለቦች የዓመቱን ኮከብ ተጫዋቻቸውን ደጋፊውን የሚያስመርጡት በዚያ ሰሞን ነውና “ማን ይሆናል?” የሚለው ግምት በየቡና ቤቱ፣ በየባጃጁና በየትምህርት ቤቱ በር ይደራል። እኛ ቤት ደጋፊነቱ የአርሰናል ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል ብዙ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እንዳለ አውቃለሁ። ቅር አይበላችሁ፣ የምነግራችሁ ነገር ለእናንተም ቤት ይሠራል፤ የእናንተም ክለብ ታሪክ በመሃሉ ይገባል።

በሙያዬ ነርስ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ የተረፈው ወገን በሰፈራ ወደዚህ ሲመጣ እኔም ዲፕሎማዬን ይዤ ገና በወጣትነቴ ጋምቤላ ገባሁ። ወባ ሳክም፣ ሕፃናት ስከትብ፣ ሳዋልድ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር ቢኖር እግራቸው አብጦ የሚመጡ ልጆችን ማሰር ብቻ ነበር። ኳሱን እንድከታተል ያስገደደኝ አንድ ወረቀት ነው።

ከሱሪው ኪስ የወጣው ወረቀት

ትልቁ የልጅ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። አምና፣ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የተጣጠፉ ትንንሽ ወረቀቶች አገኘሁ። መጀመሪያ የሱቅ ደረሰኝ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የእንግሊዝ ክለቦች ስም ተደርድሮበታል፤ ከታች የብር መጠን አለው። የውርርድ ቲኬት ነበር። እሱ ለአቅመ ውርርድ ስላልደረሰ ትልልቅ ጓደኞቹ ናቸው የሚቆርጡለት።

በዚያው ሳምንት የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው መምህር “የሁለት ወር ክፍያ አልደረሰኝም” ብሎ መልእክት ላከ። በየወሩ 750 ብር በእጁ ስሰጠው ኖሬያለሁ። 1,500 ብር የት እንደገባ ገባኝ።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ስሜቴ መጮህ ነበር። አያቱ ተቆጣ፣ እናቱ አለቀሰች። እኔን ያቆመኝ የቆየ የሥራ ልማድ ነው። በሽተኛ ፊትህ ሲቀመጥ መጀመሪያ ትጠይቃለህ እንጂ አትፈርድም። “ከመቼ ጀምሮ ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ? ከማን ጋር? ከቆረጥክ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል?” አልኩት። ቀስ እያለ ሁሉንም ነገረኝ። በሚያዝያ እንደ ጀመረ፣ አንድ ጊዜ 400 ብር በልቶ እንደ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ያንን ለመድገም ሲሞክር ሁሉንም እንዳስበላ።

ከተናገረው ሁሉ አንዱ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም። የሊጉ የመጨረሻ ቀን፣ ግንቦት 11፣ ስምንት ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ቆርጦ ነበር። አርሰናል ኤቨርተንን፣ ሲቲ ዌስትሃምን፣ ሊቨርፑል ዎልቭስን እንደሚያሸንፉ ገመተ፤ ሆነለት። አራተኛ ሆኖ የጨረሰው አስቶንቪላም ክሪስታል ፓላስን ያሸንፋል ብሎ ነበር። አስቶንቪላ 5 ለ 0 ተሸነፈ። “እማማ፣ ግምቴ እኮ ልክ ነበር፤ አንዷ ጨዋታ ናት ያበላሸችብኝ” አለኝ።

መቶ የበቆሎ ፍሬ

“አንዷ ጨዋታ ናት ያበላሸችኝ” የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ከስንት ልጅ አፍ እንደ ሰማሁት አልነግራችሁም። ወላጆች ይህንን ቃል ከልጃችሁ ከሰማችሁ አንድ ነገር አብራችሁ ቁጠሩ። እኛ በቆሎ ነበር ያለን፣ በበቆሎ ቆጠርነው።

መቶ ፍሬ ገበታ ላይ አፈሰስን። እያንዳንዱ ፍሬ ስምንት ጨዋታ የተገመተበት አንድ ቲኬት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው እንበል፤ ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን በትክክል ይገምታል። መጀመሪያው ጨዋታ ሲያልቅ ከመቶው ቲኬት 60ው ይተርፋል፤ 40 ፍሬ አነሳን። ሁለተኛው ሲያልቅ 36 ቀረ። ሦስተኛው ላይ 22፣ አራተኛው ላይ 13፣ አምስተኛው ላይ 8፣ ስድስተኛው ላይ 5፣ ሰባተኛው ላይ 3። ስምንተኛው ጨዋታ ሲያበቃ ገበታው ላይ ሁለት ፍሬ ቀረ። ሂሳቡን በደንብ ካሰላነው እንዲያውም ሁለትም አይሞላም።

ልጁ ዝም ብሎ ሁለቱን ፍሬዎች ያይ ነበር። ሒሳብ የሚያስተምረው ባለቤቴ ሌላ ነገር ጨመረለት። ከመቶው ቲኬት ውስጥ ሰባቱን ጨዋታ አግኝተው በአንዱ ብቻ የሚስቱት 9 ያህል ይሆናሉ። ከሚያሸንፉት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ውርርድ ቤት የሚመላለስ ልጅ ከማሸነፍ ይልቅ “ለጥቂት ሳትኩ” ማለት በጣም ይበዛበታል። ለጥቂት የሳተ ሰው ደግሞ ችሎታ ያነሰው አይመስለውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይሳካልኛል ብሎ ይመለሳል። ድርጅቱ ክፍያውን ሲተምን ይህን ሒሳብ ከሁላችን ይበልጥ ያውቀዋል።

ልጁ ክፉ ሆኖ አልነበረም የገባበት። ኳስ ይወዳል፣ ማሰብ ይወዳል፣ ግምቱ ልክ ሲሆን ደስ ይለዋል። ይህንን መከልከል የሚቻል አይደለም፣ መከልከልም ያለበት አይመስለኝም። ያጠፋው ግምቱ ላይ ገንዘብ መጨመሩ ነው። ስለዚህ ግምቱን ወደ ቤት አስገባነው።

የቆርቆሮው ሕግ

ባለፈው መስከረም አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ሕጉ ይህ ነው። ሊጉ አልቆ ክለቡ ኮከቡን ከማሳወቁ በፊት ቤተሰቡ በሙሉ በወረቀት ላይ ሁለት ስም ይጽፋል። አንደኛው “ማን ይገባዋል?” የሚል ነው። ሁለተኛው “ማን ይመረጣል?” የሚል ነው። ከሥራቸው ሦስት ምክንያት ይጻፋል፤ ሦስቱም ከአንድ ወር ጨዋታ መውሰድ አይቻልም። ከታሸገ በኋላ መለወጥ የለም። ገንዘብ የለም። ያሸነፈ የእሑዱን ምሳ ይመርጣል፣ የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል።

ሁለቱን ጥያቄ የለየናቸው በከንቱ አይደለም። መራጩ ደጋፊ ነው፤ ደጋፊ ደግሞ የቅርቡን ያስታውሳል። በሚያዝያና በግንቦት የገባ ግብ በመስከረም ከገባው ይበልጥ ይታየዋል። እኔ በሙያዬ የበሽተኛውን የአንድ ሰዓት ትኩሳት አይቼ ስለ ሳምንቱ መናገር እንደማልችል ተምሬያለሁ፤ ካርዱ ላይ በየቀኑ የተጻፈውን ማየት አለብኝ። ለልጆቹም አንድ ደብተር ገዛሁላቸው። በየወሩ አንድ ስም፣ ከጎኑ አንድ መስመር ምክንያት። የኳሱ የሕክምና ካርድ ልትሉት ትችላላችሁ።

ሁሉንም ጨዋታ አይተናል ብዬ አልዋሽም። መብራት ይሄዳል። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ጊዜያት ልጅን ማታ ዲኤስቲቪ ቤት መላክ አይታሰብም። ብዙውን የጎረቤት ቤት ሄደን ነው ያየነው፤ የቀረውን በማግሥቱ በስልክ።

ዕጩዎቹ

በደብተራችን ላይ የተመዘገቡትን ስሞች ልቁጠርላችሁ።

መስከረም 9 ላይ የተጻፈው ስም ዴቪድ ራያ ነው። አርሰናል በጣሊያን ከአታላንታ ጋር 0 ለ 0 ሲለያይ ግብ ጠባቂው የፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ የተመለሰውንም ኳስ ተወርውሮ አወጣው። ትልቁ የልጅ ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ “የዓመቱ ኮከብ እሱ ነው” ብሎ ዓመቱን ሙሉ ከአቋሙ አልተነቃነቀም። በሊጉም ራያ በ13 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር ወጥቶ ከኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትስ ሴልስ ጋር የወርቅ ጓንቱን ተጋራ።

የመሀል ተከላካዩ ጋብርኤል ደግሞ የልጄ ምርጫ ነበር። መስከረም ላይ በቶተንሃም ሜዳ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ያስቆጠራት ግብ ለ1 ለ 0 ድል አብቅታቸዋለች። ልጄ በቢሮ ሥራዋ ጠንካራ ሠራተኛ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ሳያወራ የሚሠራ ሰው ትወዳለች።

ትንሿ የልጅ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የእሷ ሰው ማይልስ ሉዊስ-ስኬሊ ነበር፤ በክለቡ አካዳሚ ያደገ የ18 ዓመት ልጅ። ጥር 25 ማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 1 በተሸነፈበት ጨዋታ ግብ አስቆጥሮ የሀላንድን የደስታ አገላለጽ በመኮረጅ ተቀምጦ ሲያሾፍበት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጋቢት ላይ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በመጀመሪያ ጨዋታው አልባኒያ ላይ አገባ። “እሱ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ለእሱ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይገባዋል” ብላ ጻፈች። ከሁላችን ይልቅ የእሷ ምክንያት ነው በደንብ የተጻፈው።

የእኔ ሰው ቡካዮ ሳካ ነበር። ደጋፊው ይወደዋል፤ በተከታታይ ሁለት ዓመት፣ በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ.፣ የክለቡ ኮከብ ተብሏል። የመጀመሪያውን ሽልማት ባገኘበት ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የፍጹም ቅጣት ምት ስቶ በቆዳው ቀለም ስድብ ወርዶበታል፤ ከዚያ ተነስቶ በማግሥቱ ዓመት ሽልማቱን ደገመው። ይህንን ታሪክ ለልጅ ልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሳካ ግን ታኅሣሥ 12 በክሪስታል ፓላስ ጨዋታ ተጎዳ። የተጎዳው ከታፋው በስተኋላ ያለው ትልቁ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩን የሚያስቆምና የሚያጥፍ ነው፤ ሲለጠጥ ይበጠሳል። የሳካ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት ከሦስት ወር በላይ ከሜዳ ራቀ። መጋቢት 23 ከፉልሃም ጋር ተቀይሮ ገባና ወዲያው አገባ። በዚያው ጨዋታ ጋብርኤል በተመሳሳይ ጡንቻ ተጎድቶ ወጣ፤ የውድድር ዓመቱም አበቃበት። አንዱ ሲመለስ ሌላው ሄደ። ልጄ በዚያ ምሽት እራት አልበላችም።

ስለዚህ ጉዳት ለወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጃችሁ እየሮጠ ድንገት ከታፋው ኋላ “ቀጭ” ያለ ነገር ተሰምቶት ከቆመ ጨዋታውን ያቁም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት፣ በፋሻ ጠበቅ ሳይል እሰሩት፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ የውስጥ መድማቱን ያብሰዋል፤ ወጌሻ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ታገሡ። መርገጥ ካቃተው ወይም ሰፊ ጥቁረት ካያችሁ ጤና ተቋም ውሰዱት። በጋምቤላ ሙቀት የሚጫወት ልጅ ደግሞ ውሃ ሳይጠጣ ሜዳ አይግባ፤ የደከመና የደረቀ ጡንቻ ቶሎ ይጎዳል።

መሀል ሜዳ ያለው ሰው

ባለቤቴ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነው የጻፈው፤ ዴክላን ራይስ። ልጆቹ ይስቁበት ነበር። “አባባ፣ እሱ እኮ ግብ አያገባም!” ይሉታል። እሱ ግን “ጋቶችን አይታችሁ አታውቁም?” ብሎ ይመልሳል።

ጋምቤላ ላልኖረ ሰው ላስረዳ። ጋቶች ፓኖም የጋምቤላ ልጅ ነው። ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ የሄደ፣ ለብሔራዊ ቡድናችን የተጫወተ የመሀል ሜዳ ሰው። ከእሱ ቀደም ብሎ ደግሞ ኡመድ ኡክሪ አለ፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ከሄደው ቡድን አባላት አንዱ፤ በኋላም በግብጽ ክለቦች የተጫወተ አጥቂ። እዚህ አቧራ ላይ ኳስ የሚያባርር ልጅ ሁሉ ሁለቱን ስሞች ያውቃል። ኡመድ ግብ ስለሚያገባ ይታያል። የጋቶች ሥራ ግን ኳስ መንጠቅ፣ ክፍተት መዝጋት፣ ለጓደኛ ማቀበል ነው፤ ቀርቦ ያላየ ሰው አያስተውለውም። ባለቤቴ ራይስን የሚያይበት ዓይን ይህ ነው።

አገር ውስጥም ቢሆን ግምቱ ቀላል የሆነባቸው ዓመታት አሉ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሲሰብር ማን ኮከብ እንደሚሆን መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም። ግምት የሚከብደው ግብ የማያገባው ሰው ከሁሉም ይበልጥ ሲሠራ ነው። እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሠራሁባቸውን ዓመታት አስቤ ለባለቤቴ ዝም አልኩት። ሌሊቱን ማንም ሳይሞትበት ያሳደረ ሰው ጠዋት ላይ የሚያወራው ነገር የለውም።

መጋቢት 30 ከምሽቱ 4 ሰዓት ግን ራይስ ራሱ ተናገረ። ሪያል ማድሪድ ለንደን መጥቶ ነበር። በ58ኛው ደቂቃ ከቅጣት ምት በግድግዳው ጎን አዙሮ አገባ። በ70ኛው ደቂቃ ደግሞ ሌላ ቅጣት ምት ጥግ ላይ ሰካ። ከዚያ ምሽት በፊት በሕይወቱ ከቅጣት ምት በቀጥታ አግብቶ አያውቅም ነበር። በቻምፒየንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ በአንድ ጨዋታ ሁለት ቀጥተኛ ቅጣት ምት ያስቆጠረ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ሜሪኖ ሦስተኛውን ጨምሮ 3 ለ 0 አለቀ። ጎረቤታችን ቤት ወንበር ተሰበረ፤ ዋጋውን ባለቤቴ በደስታ ከፈለ።

ስለዚህ ልጅ አስተዳደግ የማውቀውን ለወላጆች ልንገር። ራይስ ከሕፃንነቱ በቼልሲ አካዳሚ ነበር፤ በ14 ዓመቱ “አትሆንም” ብለው አሰናበቱት። ወደ ዌስትሃም ሄደ፣ አደገ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. አርሰናል በ105 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ14 ዓመቱ የተሰጠው ፍርድ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ያውም በባለሙያዎች የተሰጠ። እኛ በአንድ ሴሚስተር ውጤት ወይም በአንድ ጥፋት ልጃችንን “ይሄ አይረባም” ስንል ይህን እናስታውስ።

ጥር ላይ የሆነው

ቆርቆሮው ሁሉንም ነገር አስተካከለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነት ግን አይሆንም። ጥር ላይ አንድ ማታ ልጁ ማዕድ ቤት መጥቶ ቆመ። “እማማ፣ አንድ ጊዜ ቆርጫለሁ። 50 ብር” አለኝ።

ብዙ ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ተከታትያለሁ። መድኃኒቱ ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ሰው መሃል ላይ አንድ ሁለት ቀን ያቋርጣል። ወጣት ነርስ እያለሁ ያቋረጠውን እቆጣ ነበር። በኋላ የገባኝ ነገር የተቆጣሁት ሰው ማቋረጡን አልተወም፤ ለእኔ መናገሩን ነው የተወው። ከዚያ ወዲህ “ደግ አደረግህ ነገርከኝ፤ ምን ሆኖ ነው ያመለጠህ?” ማለትን ተማርኩ።

ልጁንም እንደዚያው አልኩት። ትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ሥራ ፈትቶ፣ ጓደኞቹ ሲቆርጡ አብሮ ቆሞ ነበር። መፍትሔውን ራሱ ነገረኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከእነሱ ጋር አይውልም፤ ሰፈር ላሉ ትንንሽ ልጆች ኳስ ያሠለጥናል። የማጠናከሪያውን ክፍያም ከዚያ ወዲህ በእጁ አልሰጠውም፤ በቀጥታ ለመምህሩ እልካለሁ። ይህ ቅጣት እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ፤ ፈተናውን ከእጁ ማራቅ ነው። እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልቆረጠም። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ቢሳሳት ግን የሚመጣበትን በር ያውቀዋል።

ቆርቆሮው ሲከፈት

ሊጉ ግንቦት 17 አበቃ። አርሰናል ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ሆነ፤ በቻምፒየንስ ሊግም በፓሪሱ ክለብ በግማሽ ፍጻሜ ቀርቷል። ያዘነ ቤት ውስጥ ወረቀታችንን ጽፈን አሸግን።

ልጁ “ይገባዋል፣ ራያ። ይመረጣል፣ ራያ” ብሎ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ የማንቸስተር ዩናይትዱ ዴቪድ ዴሂያ ነው። የዩናይትድ ደጋፊዎች ያንን ግብ ጠባቂ በ2014፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2018 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ መርጠውታል፤ ስለዚህ ግብ ጠባቂም ይመረጣል አለ። እኔ “ይገባዋል፣ ራይስ። ይመረጣል፣ ሳካ” አልኩ። የእኔም ማስረጃ ከዩናይትድ ነው፤ ብሩኖ ፈርናንዴዝ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. መጥቶ በግማሽ ዓመት ጨዋታ ብቻ ተመርጦ ነበርና፣ ሳካም ሦስት ወር ቢጎድል ፍቅሩ ይሸፍንለታል ብዬ ነበር። ልጄ “ይገባዋል፣ ጋብርኤል። ይመረጣል፣ ራይስ” አለች። ትንሿ ሁለቱንም ሉዊስ-ስኬሊ። ባለቤቴ ሁለቱንም ራይስ።

ክለቡ ራይስን አሳወቀ። ከእሱ በፊት ሁለቱን ዓመት በተከታታይ የወሰደው አምበሉ ኦዴጋርድ ነበር።

ባለቤቴና ልጄ የእሑዱን ምሳ መረጡ፤ የባሮ ዓሣ፣ ግማሹ ጥብስ ግማሹ ጉላሽ። እኔና ሁለቱ ልጆች ዕቃ አጠብን። ልጁ ሳህን እያለቀለቀ፣ “ተሳስቻለሁ፣ እማማ። ዴሂያን የመረጡት ቡድናቸው ደክሞ እሱ ብቻውን ሲያድናቸው ነው። የእኛ ተከላካዮች ጎበዝ ስለሆኑ ራያ ብዙ አልታየም። ያንን አላሰብኩም” አለ።

አምና “አንዷ ጨዋታ አበላሸችኝ” ያለው ልጅ ዘንድሮ የተሳሳተበትን ቦታ ፈልጎ አገኘ። በዚህ ስህተት ያጣው ነገር የአንድ ምሳ ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው።

ለወላጆችና ለአያቶች

ይህንን በቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ከልምዴ ጥቂት ልበል።

የልጃችሁን ክለብ እወቁ። ኳስ ባይገባችሁም “የዚህ ወር ጎበዝ ማነው? ለምን?” ብሎ መጠየቅ አይከብድም። መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጥ።

ሽልማቱ ገንዘብ አይሁን፤ ትንሽም ቢሆን። አሥር ብር ለውርርድ መለማመጃ ትሆናለች።

ምልክቶቹን አስተውሉ። የተጣጠፈ ቲኬት፣ ያልደረሰ የትምህርት ክፍያ፣ ከጨዋታ በኋላ ከወትሮው የበዛ ንዴት፣ በማያውቀው አገር ሊግ ውጤት መጨነቅ። ልጅ የሚደግፈው ክለብ አሸንፎ ካዘነ ሌላ ነገር ላይ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁት።

ስትጠይቁ ቁጣችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። የነገራችሁን ልጅ በነገራችሁ ምክንያት አትቅጡት።

በመጨረሻም ጨዋታውን በተጫዋቾች ላይ እንጂ በልጆቻችሁ ላይ አታድርጉት። ትንሿ የልጅ ልጄ “የቤታችን የዓመቱ ኮከብ ማነው?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። ወንድሟ ጭንቅላቱን ደፍቶ መልሴን ይጠብቅ ነበር። “ለቤት ቆርቆሮ የለንም” አልኳት፤ እሷም ገብቷት ይሁን ሳይገባት ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ነው። ቆርቆሮውም ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ልጁ ዘንድሮ ማንን እንደሚከታተል ስጠይቀው፣ “ገና አላየሁም፤ እንዴት እናገራለሁ?” አለኝ።